ባኞ ቤት የከረመው ጨው

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው... ናዝሬት፣ በደርግ ጊዜ። ከገላ መታጠቢያው ገንዳ ሥር ተጋድሜ የሚያፈሰውን የውሃ መውረጃ ሲፎን እፈታለሁ። መፍቻው ገና ሲነካው ብረቱ እንደ ደረቅ ቂጣ እጄ ላይ ተፈረፈረ።

ምን እንደበላው አውቃለሁ። ቧንቧ ሠራተኛ ያልጠራሁትም ለዚሁ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ገንዳው ውስጥ የነበረው ጨው ነው። ከቀበሌ ሱቅ ጨው በጠፋበት ሰሞን ጆንያዎቹን እዚያ ደረደርኳቸው። ፈታሽ ሱቅ ይበረብራል፣ አልጋ ሥር ያያል፤ ባኞ ቤት ግን በሩን ከፈት አድርጎ ይመለሳል። እኔና ባለቤቴ አልማዝ በሳፋ እየታጠብን ከረምን። መስከረም ላይ ጨዉን ዝዋይ ላሉ ዓሣ አድራቂዎች ሸጥኩና ገንዳውን አጠብነው። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር... ጨው በክረምት ያልበዋል። ያ ሁሉ ላብ በሲፎኑ ሲወርድ ከርሟል።

አሮጌ ሲፎን ፈልጌ፣ ጥርሱ ላይ ቃጫ ጠምጥሜ ልገጥም ስል በሩ ተንኳኳ። ጓድ ቶሎሳ ነው፤ በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤታችን፣ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ።

«አካም ጅርታ፣ ነጋዴው! ግድግዳዬን አረጠብከው እኮ!»

«ይኸው እየጠገንኩት ነው፣ ጓድ።»

ገባ... ጎንበስ አለ። የተበላውን ብረት አነሳ። ነጩን ቅርፊት በጥፍሩ ፈቀፈቀና ምላሱ ላይ አደረገው።

«ጨው ነው።»

በዚያ ዘመን ሸቀጥ ደብቆ የተገኘ ነጋዴ ሱቁ ይታሸጋል፣ ራሱም ይታሰራል። ድምፄን ሳልለውጥ መለስኩ።

«የናዝሬት ውሃ ነዋ! ጥርሳችንንስ እንዲህ ያበለዘው ማን ሆነና?»

የበለዘ ጥርሱን አሳይቶ ሳቀ። «እውነትህን ነው። ግን እኔም ቤት የሚመጣው ይኸው ውሃ ነው... የእኔን ሲፎን አልበላውም።»

ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት ወጣ።

አልማዝ «አለቀልን!» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሊያስረኝ ቢፈልግ ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎቹን ይጠራ ነበር እንጂ ብረት ጠቅልሎ አይሄድም... ይህ ሰው ያሰበው ሌላ ነገር አለ አልኩ።

ሳይመሽ ሚስቱ መጣች። በአንድ እጇ ባዶ ጣሳ፣ በሌላው ያ ጋዜጣ።

«ቶሎሳ ነው የላከኝ። ‹እነሱ ቤት ውሃው ጨው ያወጣል፣ ትንሽ ለምኚልን› አለኝ... ምን ማለቱ ነው?»

አልማዝ ለቤት ካስቀረነው ጨው ጣሳውን ጢም አድርጋ ሞላችላት።

ሴትየዋ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይሄን ደግሞ ‹ጣሳው ሲሞላ ስጪያቸው› ብሎኛል።»

ሲፎኑ ከዚያ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም። ጨዉ ግን ጓድ ቶሎሳ ወደ ሌላ ከተማ እስኪዛወር ድረስ ወደ ግድግዳው ማዶ መፍሰሱን አላቆመም።