አያ ዝምታ ምሳው መቼ ነው?

ባለፈው ሳምንት ለንደን፣ ክላፋም ውስጥ አውቶቡስ ስጠብቅ ዓይኔ አንድ የቤት እንስሳት መሸጫ መስኮት ላይ አረፈ። መስታወት ሳጥን ውስጥ ብርቱካንማ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔ ግን አውቶቡሱ እስኪያመልጠኝ ድረስ አየሁት። ጋሽ ወርቁ ትዝ አሉኝ።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ ከእሳቸው ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሳቸው ሂትሮው አየር ማረፊያ ጽዳት ይሠራሉ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ሦስተኛው ተከራይ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ እባቡን ከነሳጥኑ ትቶልን ሄደ። ጋሽ ወርቁ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ስለነበሩ በዚያው ቀን ያስወጡታል ብዬ ነበር።

«የሔዋን ጠላት ነው» አሉ፣ «ግን ቤቴ ገብቷል። እንግዳ አላባርርም።» ድምፅ ስለሌለውም አያ ዝምታ አሉት።

ምግቡ በረዶ የሆነች አይጥ ናት። ፍሪዘር ውስጥ ከበርበሬው ርቃ፣ በሦስት ላስቲክ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። በሙቅ ውሃ ትቀልጥና በረጅም ወረንጦ ትቀርብለታለች። መጀመሪያ ላይ ፀጉር ያላበቀለች ትንሽዬ አይጥ ለሳምንት ትበቃው ነበር። ከጭንቅላቱ የሰፋውን ነገር እንዴት እንደሚውጥ፣ እብጠቱም በገላው ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ለማየት ስል ስንት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረሁ!

እባቡ አደገ። አይጧም አደገች፤ ግን የጋሽ ወርቁ እጅ ከሁለቱም በለጠ። ወደ ሳጥኑ በቀረቡ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል።

«አየኸው? ርቦታል» ይሉና ይጨምሩለታል። ልክ እንግዳን በሞቴ እያሉ እንደሚያጎርሱት።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አያ ዝምታ የዋጠውን አስመልሶ አገኘነው፤ ሽታው አይነሳ። በሚቀጥለው ጊዜም ያው ሆነ። በካርቶን ይዘነው አይጦቹን ወደምትሸጥልን ባለሱቅ ሄድን። ሴትዮዋ ገላውን ዳበሰችና የአይጧ ውፍረት ከእሱ ወገብ እንዳይበልጥ፣ አሁን ስላደገ ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ እንዲበላ ነገረችን። ሆዱ እስኪያርፍም ሁለት ሳምንት ምንም እንዳንሰጠው፣ እንዲህ ከቀጠልን ግን እንደሚሞት አስጠነቀቀች። ተረጎምኩላቸው።

«ሁለት ሳምንት! እኔ በሁዳዴ እንኳ ማታ እበላለሁ። ጭካኔ ነው በላት።»

አውቶቡስ ላይ ካርቶኑን ታቅፈው ተቀመጡ።

«ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ» አሉ በኋላ፣ «ወንድሜን ምግብ ይመጣል ጠብቅ፣ ጠብቅ እያልኩት ነው የሞተብኝ። ጠብቅ ማለት አልችልም።»

ግን ቻሉ። እባቡ ቀና ሲልባቸው ክፍሉን ጥለው ይወጣሉ። ከኮሪደሩ ሆነው፣ «እስቲ ቼክ አድርግልኝ፤ አለ?» ይሉኛል።

«አለ ጋሼ፤ ተኝቷል።»

ቀኑ ሲደርስ አንዲት ትንሽ አይጥ ሰጡት። ዋጠ። በማግስቱም በሠለስቱም አላስመለሰም። ጋሽ ወርቁ ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑና አለቀሱ።

«ጠብቆ ኖረ» አሉ።

እኔ ያን ጊዜ የጓጓሁት የእባብ ሆድ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ነበር። ዛሬ በእሳቸው ዕድሜ ሆኜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ያን የመስጠት እጃቸውን ሰብስበው ለመቀመጥ ስንት ጉልበት እንደፈጀባቸው።