ሒሳብ ያልጎደለባቸው ወራት

ሥራዬ ገንዘብ ያዥነት ነው። ቤቴል አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ከብረት ፍርግርግ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የወላጆችን ክፍያ እቀበላለሁ። ቀኑ ሲያልቅ ሣጥኑ ውስጥ የጎደለ ካለ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ የተረፈ ካለ ደግሞ "ከየት መጣ?" ተብዬ እጠየቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ቤቱ ሲገባ ጠባዩን ከጫማው ጋር በር ላይ አያወልቀውም። ይህን የማወራው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። አባቴ ላይ ያደረስኩትን ስትሰሙ "ምን ዓይነት ልጅ ናት?" ማለታችሁ ስለማይቀር፣ ቀድሜ እንድታውቁኝ ብዬ ነው።

ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምንኖረው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጄና አባቴ። የልጄ አባት ከሄደ ቆይቷል፤ በእሱ ስም የሚጻፍ ገቢ የለም። አባቴ እናቴ ከሞተች በኋላ፣ 18 ማዞሪያ አርባ ዓመት የኖሩበትን የኪራይ ቤት ለባለቤቱ አስረክቦ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ዘንቢል ይዞ እኔ ጋ ገባ። ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የትኛው መደርደሪያ ላይ ስንት ብሎን እንዳለ መዝገብ ሳይገልጥ ይናገራል ይሉ ነበር አብረውት የሠሩ ሰዎች። እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። በመጣ በሳምንቱ "አስቤዛውን ለእኔ ተይው" አለኝ።

ተውኩለት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ብሩን ቆጥሬ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጥለታለሁ። እሱ በታክሲ 18 ማዞሪያ ሄዶ፣ ጉልት ከሚያውቃቸው ሴቶች ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም ይዞ ይመለሳል። እዚሁ ሰፈራችን ይሸጣል ብለው አይሰማም። የአርባ ዓመት ደንበኞቹ ምርቃትም ይጨምሩለታል፣ ጨዋታም ይጨምሩለታል። እኔ ከሥራ ስመለስ የወጪ ደብተሩን እከፍታለሁ። ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው መጻፍ አይችልም፤ ግን የዋለበትን ዋጋ ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ይመጣና "ጻፊ" ይለኛል። ሽንኩርት ሁለት ኪሎ፣ ይህን ያህል። ቃሪያ፣ ይህን ያህል። ታክሲ፣ ደርሶ መልስ። ከዚያ መልሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። እደምራለሁ፣ ልክ ይመጣል። የሽንኩርት ዋጋ ገና ሳልልጠው ሲያስለቅሰኝ "እንደ ቤት እንጂ እንደ ጎረቤት አይኖርም፤ ከነገ ጀምሮ ግማሹን እንግዛ" ብሎ ያስቀኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ከቀኑ ውስጥ የምወዳት ሰዓት እሷ ነበረች።

አንድ ሰኞ ስልሳ ብር ጎደለ።

በዚያው ቀን ትምህርት ቤትም ሣጥኔ ጎድሎ፣ ከደመወዜ ሊቆረጥ ፈርሜ ነበር የመጣሁት። የቤቱ የባንክ ዕዳ፣ የልጄ ክፍያ፣ የመብራት ካርድ፣ ዕድር፣ ሁሉም አንድ ሳምንት ውስጥ ተደራርበዋል። ሁለት ጊዜ ደመርኩት።

"አባባ፣ ስልሳ ብር የት ገባች?"

"ነገርኩሽ እኮ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ታክሲ።"

"እሱን ደምሬዋለሁ። ስልሳ ትጎድላለች።"

"እንግዲህ..." አለ።

"ክንፍ አውጥታ በረረች በላ!"

ልጄ ሳቀች። አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ሁለቱን የሱሪ ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጣቸው። ገበራቸው እንደ በግ ጆሮ ተንጠለጠለ። ልጄ መሣቋን አቆመች።

"ከዚህ ሌላ ኪስ የለኝም፣ ልጄ" አለ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ይቅርታ ብዬ ኪሱን በእጄ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ደግ ንግግር የተናገርኩ መስሎኝ፣ "ከከበደህ ተወው አባባ። እሁድ እሁድ ወጥቼ እኔው እገዛለሁ። አንተ አረፍ በል" አልኩት። ሥራውን ልቀማው መሆኔን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ዛሬም ይታየኛል። ደነገጠ። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው እኔን ፈርቶ ደነገጠ።

"አይከብደኝም" አለ። "ከእንግዲህ አንዲት ሳንቲም አትጎድልም።"

አልጎደለችም። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ደብተሩን ስዘጋ "ግምጃ ቤቱ ተመለሰ!" እያልኩ እቀልድበት ነበር፤ እሱም ፈገግ ይላል። መሥሪያ ቤት ለጓደኞቼ ሳይቀር ጉራዬን ነፋሁ። ሰውን አንዴ ቆንጠጥ ካደረጉት ይስተካከላል አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ ብያለሁ።

ያላየሁት ነገር አልነበረም፤ ያየሁትን ማገናኘት ነው ያቃተኝ። በፊት በሰባት ሰዓት ቤት ይገባ የነበረው ሰው በዘጠኝ፣ ኋላም በአሥር ተኩል መግባት ጀመረ። ስጠይቀው "ሰልፉ አይጣል ነው፤ ታክሲ የለም" ይላል። ታክሲ እንደሌለ እኔስ መች አጣሁት? ራት ሳይጨርስ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይወስደዋል። የገዛሁለት ጫማ በሦስተኛ ወሩ ሶሉ አለቀ፤ "ኳስ ትጫወትበታለህ እንዴ?" ብዬ ተቆጣሁ። ካርቶን ቆርጦ ውስጡ አደረገበት። ሒሳቡን ሲያስጽፈኝም ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሆነ። ደብተሩ ልክ ስለመጣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጠየቅኩም። ገንዘብ ያዥ ደግሞ ሒሳቡ ልክ ከመጣ ሌላ አይጠይቅም።

የፍልሰታ ጾም ውስጥ አንድ ዓርብ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤት ስደርስ አባቴ አልመጣም። ስደውልለት ስልኩ ከመኝታው በኩል ጮኸ። ትራሱ ሥር የለም። ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥር አየሁ።

ጨው ነበር። ያልተከፈተ የጨው እሽግ፣ ሰባት፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በግምጃ ቤት ሥርዓት ተደርድሯል። ከጎኑ አራት ክብሪትና ሁለት ሳሙና። አንዱንም ደብተሬ ላይ ጽፌው አላውቅም። ጉልበቴ ላይ እንደተንበረከክሁ ፈራሁ። ጨው ነው፤ ጨው ሰው አያስፈራም።

ልጄን ጎረቤት ትቼ ኮንትራት ታክሲ ያዝኩና 18 ማዞሪያ ሄድኩ። ጉልት ሻጮቹ ላስቲካቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ሽንኩርት ሻጯን አገኘኋት፤ ስሟን ከአባቴ አፍ እሰማ ነበር እንጂ አይቻት አላውቅም።

"ልጃቸው ነሽ?" አለችኝ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። "እሳቸውማ ከሄዱ ቆዩ እኮ። በእግራቸው ስለሚሄዱ ነው የሚዘገዩት።"

"በታክሲ ነው የሚመጣው" አልኳት።

"ኧረ በእግራቸው ነው እናቴ! ሲመጡም በእግራቸው፣ ሲሄዱም በእግራቸው። በዚህ ጾም ይተዉ ብንላቸው እሺ አይሉም። ዋጋውን ሦስት ጊዜ ያስደግሙኛል፤ ከዚያ እንደ ዳዊት እየደገሙት ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ካላቸው ይጠፋባቸዋል መሰለኝ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። አንድ ቀን ሦስቴ ተመለሱ። 'ስንት ነበር ያልሽኝ? ልጄ ትጠብቀኛለች' ይሉኛል።" ፊቴን አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። "አንቺ አታውቂም ነበር እንዴ?"

የድሮው ቤታችን ከዚያ ሁለት መታጠፊያ ነው፤ እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። አባቴ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኮቱ ከሰውነቱ ተጣብቋል፤ ዘንቢሉን በጉልበቶቹ መሐል ይዟል። በሩ ሌላ ቀለም ተቀብቷል፣ ውስጡ ሌላ ሰው ይኖራል። ሲያየኝ ደስ አለው።

"መጣሽ? እናትሽ ውስጥ ናት፤ ባንኳኳ ባንኳኳ አልሰማ አለችኝ።"

እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ይህን ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የሱን ፊት ሳይ ግን እኔም ወደ በሩ ዞርኩ። ዝናቡ ጸጥ ባለበት ቅጽበት ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። ከውስጥ የእናቴ ነጠላ ጫማ ድምፅ ቢሰማኝ የምገረም አይመስለኝም ነበር።

ታክሲው ውስጥ ከደረት ኪሱ መሐረብ አወጣ። ሦስት ቦታ ተቋጥሯል፤ በየቋጠሮው ውስጥ የታጠፈ ብር አለ።

"ይኸ የታክሲው ነው" አለኝ። "የጎደለ ካለ ከዚህ ሙዪበት።"

ያኔ ገባኝ። ስልሳ ብሯን የወሰደ ሰው አልነበረም። አባቴ መርሳት ጀምሮ ነበር፤ መርሳቱንም ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው። እኔ ሥራውን እንዳልቀማው፣ በእግሩ እየተመላለሰ የታክሲውን ብር ያተርፍና የረሳውን ዋጋ ይሞላበታል። ረስቶ ደጋግሞ የገዛውን ጨው የከፈለውም ከዚያው ነው። እቤት ስገባ ደብተሩን ከፈትኩ። ታክሲ፣ ደርሶ መልስ። ታክሲ፣ ደርሶ መልስ። ሁሉም በእኔ የእጅ ጽሕፈት። ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ጀምሬ ሠላሳ ስደርስ ተውኩት። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

አባቴን ያየው ሐኪም በሽታው ከመንገዱ የመጣ እንዳልሆነ፣ ቀድሞም እንደጀመረው ነገረኝ። እንድጽናና ብሎ ነው። ልክ ነው፣ በሽታውን እኔ አላመጣሁትም። ፍርሃቱን ግን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ብቻውን አይወጣም። ጎረቤት ያለች ሴት ቀን ቀን አብራው ትውላለች፤ ወር ሲደርስ እከፍላታለሁ። አስቤዛውን እሁድ እሁድ የምገዛው እኔ ነኝ። ደብተር መያዝ ትቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ወጥ ስሠራ ደረጃው ላይ እርምጃ እሰማለሁ። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያርፋል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከትንፋሹ ጋር ሽንኩርት ሁለት ኪሎ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም ይላል። በሩን እከፍታለሁ። ማንም የለም። አባቴ ከኋላዬ ሳሎን ተቀምጧል። መጀመሪያ ለልጄ ነገርኳት፤ ፈርታ ስታለቅስ ሁለተኛ አላነሣሁትም። አንዳንዴ ታክሲ ሰልፍ ላይ የማላውቀው ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ ዋጋ የምደግመው እኔ ራሴ መሆኔ ይታወቀኛል።

ከገና ወዲህ ደግሞ አባቴ እኔን መርሳት ጀምሯል። በጠዋት ለጥቂት ጊዜ ያውቀኝና ወደ ማታ ላይ ይጠፋበታል። መጀመሪያ የጠፋሁበት ቀን ከሥራ ስገባ ለእንግዳ እንደሚነሡት ከመቀመጫው ተነሣልኝ፤ ኮቱን ቆለፈ። ጎረቤቴ ወደ ቤቷ እስክትሄድ ጠበቀና ጠጋ አለኝ።

"እሜቴ፣ አይቀየሙኝና" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ትንሽ ብር ቢያበድሩኝ? ልጄ ከሥራ ልትመጣ ነው፤ ሒሳብ ጎድሎብኛል።"

"አባባ፣ እኔ ነኝ። ምንም አልጎደለም" አልኩት።

ጭራሽ ተርበተበተ። በሩን ያያል፣ እኔን ያያል። እኔነቴን ባስረዳሁት ቁጥር ይብስበታል።

"ልጅዎ ትቆጣለች?" አልኩት በመጨረሻ።

"ኧረ ጥሩ ልጅ ናት!" አለኝ፣ ስሟ ያለቦታው እንደተነሣበት ሰው። "ክፉ አይደለችም። ደክሟት ነው የምትመጣው። እኔ ጋ ደግሞ ጎድሎ እንዳታገኘው ብዬ ነው።"

ቦርሳዬን ከፍቼ አንድ መቶ ብር ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ በጥንቃቄ አጠፈው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ፤ ትልቅ ውለታ ነው የዋሉልኝ" አለ። ከዚያ ፊቱ ረጋ አለ፣ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረና እኔን መጠበቅ ጀመረ።