ሩብ ዙር ያጠበቅሁት ብሎን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይቺን ዘልዬ አልፌያለሁ። እንጀራዬ ሰው የደበቀውን ጠይቆ ማውጣት ነው። በሬዲዮ ዘጋቢነት በሠራሁባቸው ዓመታት ስንቱን ባለሥልጣንና ስንቱን ነጋዴ "ማን አደረገው?" ብዬ አፋጥጫለሁ። በእኛ ግቢ ውስጥ ስለተበላሸው የሞተር መጋዝ ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። መልሱን አውቀው ነበር። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ከመምህር ኪሮስ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። እሱ የቤቱ ባለቤት፣ እኔ ተከራይ። ኪሮስ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከደመወዙ ጎን ለጎን ተጨማሪ ገቢ እንዲሆነው ብሎ ዛፍ መቁረጫ የሞተር መጋዝ ገዝቶ ነበር። መጋዙን ይዞ የሚሠራው የሚስቱ የለተብርሃን ወንድም ሃፍቱ ነው። ሥራውን ተከፋፍለውታል። ሞተሩን የሚያስተካክለው ኪሮስ፣ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር የሚደባልቀውና ዛፉን የሚቆርጠው ሃፍቱ። አንዱ በሌላው ሥራ እጁን አያስገባም። ይህን ስምምነት የሚያስከብር ወረቀት አልነበራቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም ነበር።

ኪሮስ ካርቡሬተር ሲያስተካክል ማየት እወድ ነበር። መጋዙን አሮጌ ጎማ ላይ ያስቀምጠዋል፣ የአየር ማጣሪያውን በጥርስ ብሩሽ ያጸዳዋል፣ ሞተሩን አስነሥቶ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ከዚያ ቀጭኗን ካቻቢቴ እንደ ስክሪብቶ በጣቶቹ ይይዝና ከሦስቱ ትንንሽ ብሎኖች አንዷን ነካ፣ አንዷን ተወት ያደርጋል። አንደኛዋ ሞተሩ ሲያርፍ ያለውን ሚኒሞ ትቆጣጠራለች፤ ሁለቱ፣ አንዷ ለዝቅተኛ አንዷ ለሙሉ ፍጥነት፣ የሚገባውን የቤንዚን መጠን ይወስናሉ፤ ሲጠብቁ ቤንዚኑ ይቀንሳል። እያዳመጠ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የማይታይ ነገር የሚያኝክ ይመስላል። ለተብርሃን "ጠግበሃል ወይስ ይጨመርልህ?" እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱ በዚያች ሰዓት ዓለም ቢገለበጥ የሚሰማው ሞተሩን ብቻ ነው።

እኔም ጆሮዬ የሚታመን ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የድምፅ ቅጂ ሳጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሻከረውን ከጠራው ለይቼ አውቃለሁ እል ነበር። ጥፋቴ የጀመረው ከዚህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኪሮስ መጋዙን ሲያስተካክል አጠገቡ ቆሜያለሁ። ሃፍቱ በማግስቱ ወደ ራያ ቆላ ሊወርድ ነው፤ አንድ ገበሬ ማሳው ላይ የደረቁ ዛፎች እንዲቆርጥለት ቀጥሮታል። የዕድሩ ሰብሳቢ ከበር ላይ ጠራውና ኪሮስ ሞተሩን እንደበራ ትቶ ወጣ። እኔና መጋዙ ብቻችንን ቀረን።

ለምን ነካሁት? ማን ንካ አለኝ? የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ሞተሩ አልጮኸም፤ አጉረመረመ፣ ጉሮሮው እንደተዘጋ ሰው። ጭሱም በዛብኝ። "ሳይጨርሰው ነው የተጠራው" አልኩ። ካቻቢቴውን አነሣሁና ለሙሉ ፍጥነት የምታገለግለውን ብሎን ሩብ ዙር ያህል አጠበቅኋት። ድምፁ ጠራ። ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ዘፈነ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሞተሩን አጠፋሁና ካቻቢቴውን ቦታው መለስኩ።

ኪሮስ ተመለሰ። "ኣንታ ጋዜጠኛ፣ አጠፋኸው እንዴ?"

"ጎረቤት እንዳይረበሽ ብዬ ነው" አልኩ።

"ጎረቤት የሚረብሸው ያንተ ዜና ነው። ይሁን፣ እኔም ጨርሼ ነበር።"

ጨርሼ ነበር አለኝ። በግልጽ አማርኛ፣ ፊት ለፊቴ። "ነክቼዋለሁ" ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። የሰው ዕቃ ሳያስፈቅድ የነካ ልጅ መስዬ እንዳልታይ አፈርኩ። ከኀፍረቱ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበረኝ፤ ሃፍቱ ከቆላ ተመልሶ "ዘንድሮ መጋዙ አንደኛ ሆኗል" ሲል ልስማና ያን ጊዜ ልናገር ብዬ ነበር። ምስጋናውን እየጠበቅሁ ዝም አልኩ።

ሃፍቱ ከቀናት በኋላ መጋዙን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ገባ። ሞተሩ ሥራ ላይ እንዳለ ደርቆ ቆሟል። እዚያ ያገኘው መካኒክ ካርቡሬተሩን ፈታቶት ስለነበር ብሎኖቹ በፌስታል ነው የመጡት። የትኛዋ ምን ያህል ጠብቃ እንደነበር የሚነግር ነገር አልቀረም። ኪሮስ ሲሊንደሩን ከፈተ። ፒስቶኑ ጎኑ ተቧጭሮ፣ ተቃጥሎ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል።

"ይሄ ፒስቶን ዘይት አላየም" አለ።

"ጨምሬያለሁ" አለ ሃፍቱ።

"ካርቡሬተሩን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ቆላ አየሩ ከዚህ ይከብዳል፤ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል። ለዚያ ብዬ እዚህ እስኪያጉረመርም ድረስ ከፍቼ ነው የሰጠሁህ።"

"አላጉረመረመም፣ ሓወይ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ይጮህ ነበር። አንተ ያስተካከልከው ስለሆነ አልነካሁትም።"

"ሓሶት!" አለ ኪሮስ። ከእኔ ጋር በአማርኛ ይጫወታል፤ ሲቆጣ ግን ትግርኛው ይቀድመዋል። ውሸት ነው ማለቱ ነበር።

እኔ የቤቴ ደፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሁሉም ነገር በዚያች ደቂቃ ገባኝ። ማጉረምረሙ ብልሽት አልነበረም፤ ኪሮስ ለቆላው አየር አስቦ የሠራው ነበር። እንዲህ ባለ ሞተር ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚኑን ስቀንስበት ዘይቱንም ቀንሼበታለሁ። እኔ ያቃጠልኩት ፒስቶንና ዘይት ያልተጨመረበት ፒስቶን አንድ ዓይነት ጠባሳ ነው ያላቸው። ኪሮስ አስተሳሰቡ ትክክል ነበር። ወይ ካርቡሬተሩ ነው፣ ወይ ዘይቱ፤ ካርቡሬተሩን በጆሮው አረጋግጧል፤ ስለዚህ ዘይቱ ነው። ከስሌቱ የጎደለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሃፍቱ ደግሞ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። እውነት የሚናገር ምስክር ፊቴ ቆሞ ውሸታም ሲባል፣ ጋዜጠኛው ምን አደረግሁ? ወደ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ኪሮስ መጋዙን ጠግኖ ሸጠው። ከሃፍቱ ጋር አብሮ መሥራትም ቀረ። ወሬው ከግቢው ወጣ፤ "ዘይት የማይጨምር ሰው" የተባለ ሰው መጋዙን የሚያምነው አያገኝም። ሃፍቱ በኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ የጭነት ሥራ ያዘ። ለተብርሃን በባሏና በወንድሟ መካከል ሆና ስትጨነቅ በየቀኑ አያት ነበር።

ሃፍቱን ግን ማድነቅ ያኔ ጀመርኩ። በየበዓሉ እህቱ ቤት ይመጣል። ኪሮስን ተነሥቶ ይስመዋል። ስሙን በክፉ ሲያነሣ አልሰማሁም። አንድ የበዓል ቀን አንዱ እንግዳ "እስቲ አሁን ጊዜው አልፏል፤ እውነቱን አውጣ፣ ረስተህ ነው አይደል?" ብሎ ሲነካካው ሃፍቱ ሳቅ አለና "ጨምሬያለሁ" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰጥ ሰምቻለሁ። የሚዋሽ ሰው ወሬ በተጠየቀ ቁጥር እያደገ ይሄዳል፤ ቤንዚኑ ቆሻሻ ነበር፣ ዛፉ ጠንካራ ነበር ይላል። የሃፍቱ ቃል በመጀመሪያው ቀን ከነበረው ላይ አንድ ፊደል አልጨመረም። እንዲህ ያለ ሰው በሙያዬ አልገጠመኝም። እሱን በልቤ እያደነቅሁ በአፌ ዝም ማለቴን ምን ልበለው?

በቅርቡ ዓይደር ሰፈር አንድ ወዳጄን ልጠይቅ ስሄድ አጥር ላይ የወደቀ ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ አየሁ። ሃፍቱ ነው። በስንት ልመና የሰው መጋዝ ተውሶ ወደ ሥራው ተመልሷል። አየኝና በእጁ ጠራኝ።

"ኣያ! እንኳን መጣህ። ና እየኝ።"

"ምኑን?"

"ዘይት ስጨምር። አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ አንተ ካየኸኝ ሰው ያምናል።"

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ከበራቸው ሆነው "እኔስ ዓይን የለኝም? ይልቅ ዛፉን ቁረጥልኝ!" አሉት።

"ኣደይ፣ እርስዎ የወጥ ዘይት ቢሆንስ በምን ያውቃሉ?" አላቸው። ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

ዘይቱን ቤንዚን በያዘው የሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ አንጠባጠበ፣ ክዳኑን ገጥሞ አገላበጠ፣ ቀለሙ መለወጡን እንዳይ በፀሐይ በኩል ወደ ላይ አነሣው። ሁልጊዜ እንደዚህ እንደሚያደርግ ነገረኝ። ሥራ በያዘ ቁጥር ዘይት ከመጨመሩ በፊት አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። ዘበኛ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ማንም ይሁን ብቻ የሚያይለት ሰው። ያለ ምስክር ቤንዚን አይደባልቅም።

"አየህ?" አለኝ።

"አየሁ" አልኩት። እንደገና ይህችን ብቻ አልኩት።

ሰበብ አላጣም። በክፋት አይደለም፣ ስለ ቆላ አየር አላውቅም ነበር፣ መካኒኩ ካርቡሬተሩን ባይፈታው ኖሮ ይታወቅ ነበር። እነዚህን ሰበቦች ሌላ ሰው ቢነግረኝ በሬዲዮ አላስተላልፍለትም ነበር፤ ለራሴም አላስተላልፍም። ብሎኗን ያጠበቅሁት ባለማወቅ ነው። ዝም ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው፤ በየቀኑ፣ በየበዓሉ፣ ዓይደርም አጥሩ ሥር።

ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ከማየቱ በፊት ዛሬ ለኪሮስና ለለተብርሃን አነብላቸዋለሁ፤ ሃፍቱም እንዲመጣ አስጠርቻለሁ። መምህር፣ ጆሮህ አልተሳሳተም። ለተብርሃን፣ ወንድምሽ አልዋሸም። ይቅር በሉኝ እላለሁ፤ ባትሉኝም የምከራከርበት ነገር የለኝም።

ሃፍቱ፣ ዘይት ጨምረህ ነበር። ከእንግዲህ ቤንዚን ስትደባልቅ ማንንም አትጥራ።