የእናቴ የጎን ቁጥር

እናቴ ከሰባ ዓመቷ በኋላ «ልነቀስ ነው» ስትለን ወንድሜን ሻይ ትን አለው፣ ታናሽ እህቴ በሳቅ ፈረሰች፣ እኔ ደግሞ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ጮህኩ። እኔ የምጮህ ሰው ነኝ። ቤተሰብም ጎረቤትም ያውቀዋል። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ?» አልኳት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሐኪሙ የማስታወስ ችሎታዋ ቀስ በቀስ እየከዳት እንደሚሄድ የነገረን ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነበር። እሷ ግን አልተቀየመችኝም። «ገና ነኝ። ሳላብድ በፊት ነው መነቀስ የምፈልገው» አለችና ሻይዋን ጠጣች።

እናቴ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበረች። ሴት መሪ ላይ ስትቀመጥ ተሳፋሪ በሚወርድበት ዘመን ነው ሥራውን የጀመረችው። አንዱ ሰውዬ «በሴት እጅ አልሞትም» ብሎ ይወርድና በማግስቱ ዝናብ ሲደበድበው ፌርማታ ላይ ታገኘዋለች። በሩን ከፍታ «ግባ፣ ዛሬ አትሞትም» አለችው። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ደንበኛዋ ነበር። ማርሽ ስትቀይር አውቶብሱን «እሺ የኔ ልጅ፣ በርታ» እያለች ስለምታናግረው ተሳፋሪው እማማ ማርሽ ብሎ ስም አወጣላት። አሮጊት ሳትቀመጥ ፍሬን አትለቅም ነበር። ከኋላዋ ያለው መኪና ጥሩንባውን ቢያንባርቅ፣ ቢሳደብ፣ ደንታም አልነበራት። መጨረሻ ፌርማታ ላይ ደግሞ ሁሌም ከወንበሯ ተነስታ እስከ ኋላ ድረስ ትሄዳለች፤ ተኝቶ የቀረ ሰው እንዳይኖር። አባታችን ሞቶ ሦስታችንን ያሳደገችን በዚህ ሥራ ነው። ስታሳድገን አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ስትል አልሰማኋትም። እኔ መጋረጃ ስሰፋ ውዬ ቤት የምገባው እያማረርኩ ነው።

ጡረታ ከወጣች በኋላ የድሮ መስመሯን በእግሯ መሄድ ልማዷ ሆነ። አንድ ቀን ግን ሳትመለስ ቀረች። ከተማውን ስናስስ ውለን ጋራዥ ውስጥ አገኘናት፤ የቆመ አውቶብስ መሪ ላይ ተቀምጣ ዘበኛውን ቁልፍ አምጣ ትለዋለች። ዘበኛው ከድሮ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ነው፤ ጋቢናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። በማግስቱ ወንድሜ ለግቢው በር ትልቅ ቁልፍ ገዝቶ መጣ።

«ለደህንነቷ ነው» አለ።

«ስንቱን ሰው ቤቱ ያደረስኩ ሴት፣ ቤቴ ውስጥ ይቆለፍብኝ?» አለች እናቴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮት ስር ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ትውላለች፣ ምግቡን ትነካካና ትተወዋለች። ያቺ ክንደ ብርቱ ሴትዮ ዓይናችን እያየ መነመነች።

ይከፈትላትና የስልክ ቁጥር ትያዝ ተባባልን። ኪሷ ውስጥ የሦስታችንም ቁጥር ያለበት ወረቀት ከተትን፤ ከቀሚሱ ጋር ታጠበ። እህቴ የእጅ አምባር አሠራችላት፤ እጇን ስትታጠብ አውልቃ የሆነ ቦታ ጣለችው። አንገቷ ላይ ያሰርንላትን ደግሞ «ያምራል» ላለቻት ለማታውቃት ሴትዮ ሰጥታት መጣች። ወንድሜ ቁልፉን መልሶ ቆለፈ። ንቅሳት ያለችው ያን ጊዜ ነው።

«አውቶብስ የጎን ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ኪሱ ውስጥ አይዝም» አለች። «ጎኑ ላይ በቀለም ይጻፍለታል። ቢጠፋም፣ ቢጋጭም፣ ገደል ቢገባም ይነበባል። እኔም ክንዴ ላይ ይጻፍልኝ።»

ያን ቀን ቤታችን የተባለው ብዛቱ! ወንድሜ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ለእሱ ትልቁ ነገር ሰው ምን ይላል ነው። «የአለቃው እናት በእርጅናዋ ተነቀሰች እንባል?» አለ። እህቴ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ወፍ ተነቅሳለች። ቀሚስ ስለካላት ያየሁ ቀን ሰማይና ምድር አገናኝቼባት ነበር። «ክንዱ የሷ ነው፣ እናንተን ምን አገባችሁ?» አለች፣ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ። እኔ ደግሞ አቋሜ የታወቀ ነው። ቆዳ ግድግዳ አይደለም፤ የሚጻፍበት ነገር ሌላ ሞልቷል። ይህንንም በሰፊው አስረዳሁ። እናቴ ሁላችንንም አዳምጣ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እሺ፣ የማናችሁ ቁጥር ይሁን?»

ወንድሜ ከከተማ ከተማ እንደሚዘዋወር አነሳ። እህቴ ከፍቅረኛ በተጣላች ቁጥር ስልክ ቁጥር ትቀይራለች፤ አቀረቀረች። እኔስ? እኔም የጠረጴዛውን ልብስ ማየት ጀመርኩ። ያን ሁሉ ወሬ ስናወራ አንዳችንም «የኔ ይሁን» አላልንም። እናቴ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

በማግስቱ ጫማዋን አድርጋ መጣች። «ትሸኚኛለሽ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?» ብቻዋን እንደማልሰዳት ታውቃለች። ነቃሹን ሰድቤ ይዣት ልመለስ ቆርጬ ሄድኩ።

የነቃሹ ቤት ከጫማ መደብር በላይ ነው፤ በደረጃ ይወጣል። የሰካራም ጎሬ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ከስፌት ቤቴ የጸዳ ክፍል ነው። ሰውዬው ግዙፍ ነው፤ አንገቱ እስከ አገጩ ድረስ ተነቅሷል። ልጮህ አፌን ስከፍት ተነስቶ ወንበር ሳበላት፣ «እማማ፣ ይቀመጡ» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁ። ቆዳው የእሳቸው ነው፣ ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ።»

እኔን አስወጣኝ! ኮሪደሩ ላይ በንዴት ጨስኩ። ሲጠራኝ ስገባ የእናቴ ክንድ ላይ በእስክርቢቶ ትልልቅ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ለእሷ የተገለበጠ፣ ፊት ለፊቷ ለሚቆም ሰው ግን የቀና። መነጽር የሌለው ሰው እንኳ ያነበዋል። አነበብኩት። የኔ ቁጥር ነው።

«ለምን የኔ?» አልኩ።

«በቃሌ የቀረው እሱ ነዋ» አለች እየሳቀች።

ነቃሹ አልሳቀም። «የእሳቸውን ፈቃድ ጨርሻለሁ። አሁን የእርስዎን ልጠይቅ» አለኝ። «ይሄ ቁጥር አይዘጋም? አይቀየርም? የማያውቁት ሰው ሲደውል ያነሳሉ? እዚህ ቤት ከፍቅረኛ ስም ጀምሮ ብዙ ነገር ጽፌያለሁ፤ ብዙውም ተጸጽቶ ተመልሷል። እሳቸው ግን ተመልሰው ሊያስጠፉት አይችሉም። ለጊዜው በእስክርቢቶ ይዛችሁት ሂዱ፣ አስቡበት።» በሩ ላይ ሲሸኘን ፊቴን አየና ለስለስ አለ። «የኔም እናት አልወደደችውም። ፎቶ ስንነሳ አንገትህን በሻርፕ ሸፍን ትለኛለች።»

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ያ ስልክ የሆነ ቀን ሲጠራ ታየኝ። ምን ተብዬ እንደምጠራ፣ የት እንደማገኛት፣ እንዴት ሆና እንደማገኛት። እሷ ግን በእስክርቢቶ ቁጥሯ እጅጌዋን ሰብስባ ሰፈሩን ዞረች፤ እኔ ከኋላ ከኋላ። ፋርማሲ ያለችው ልጅ «ያምርብዎታል» አለቻት። ልብስ ንጽሕና ቤት ያለው ሰውዬ «ምነው እማማ፣ በዚህ ዕድሜ?» አለ። እናቴ «በልጅነቴማ መንገዱን አውቀው ነበር» ብላው አለፈች።

ቀለሙ መልቀቅ ሲጀምር ጠዋት ጠዋት ራሷ ታደምቀው ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላት ክንዷን አየሁት። ሰባት የነበረውን አሃዝ አንድ አድርጋዋለች። እንደዋዛ ስልኬን አንስቼ ክንዷ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሳ። «አቤት፣ ማን ልበል?» አለ። ይቅርታ ብዬ ዘጋሁት። እናቴ እንቁላሏን እየቆረጠች «ማነው?» አለችኝ።

«ማንም አይደለም። ብዪ፣ ብዪና ጫማሽን አድርጊ።»

መርፌ ከእጄ የማይለይ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን መርፌው ክንዷን ሲነካው ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቀችም። የተጨማደደ ቆዳዋን ነቃሹ በሁለት ጣቱ እየወጠረ ሲሠራ «ቀስ በል የኔ ልጅ፣ ኮረኮንች ላይ ነህ» ትለዋለች። ያ ግዙፍ ሰው እየሳቀ እጁን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል፣ ሳቁ ሲያልፍለት ይቀጥላል።

ወንድሜ መጥቶ ክንዷን ይዞ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ አነበበ። «ለምን የኔ ቁጥር አልሆነም?» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ሕፃን ከንፈሩን ጥሎ። ከዚያ ወጥቶ ቁልፉን ከግቢው በር ላይ በእጁ ፈታ። እናቴ መንገዷን ጀመረች፣ ምግቡም ተበላ። አንዳንዴ ይደወልልኛል። ሻጮች፣ ተማሪዎች፣ አንዴም ሙሽራ ከነሚዜዋ። «እናትዎ እዚህ ናቸው» ይሉኛል፣ እኔም እየተቆጣሁ ሄጄ አመጣታለሁ።

ባለፈው የደወለው ግን ወጣት የአውቶብስ ሾፌር ነው። «መጨረሻ ፌርማታ ደርሰናል፤ አንዲት እናት ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሳላይ አልወርድም ብለው ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያዩ ነው። ጃኬት አልለበሱም፤ ክንዳቸው ላይ ይሄ ቁጥር አለ» አለኝ። የምሰፋውን መጋረጃ ጥዬ በረርኩ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር፤ ጃኬት ሳትለብስ፣ በዚህ ብርድ!

ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝ። በትህትና፣ ማንኛዋንም ተሳፋሪ እንደምታይ። አላወቀችኝም። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ተቀመጥኩ።

«ልጄን እየጠበቅሁ ነው» አለችኝ ክንዷን እያሳየችኝ። «ስትመጣ ትጮኻለች፣ እንዳትደነግጪ። ሌሎቹም ልጆቼ ጥሩ ናቸው። እሷ ግን እየጮኸችም ቢሆን ትመጣለች። ለዚህ ነው የሷን ያስጻፍኩት።»

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እንባዬን በመዳፌ ጠረግሁ። ከዚያ ተነስቼ ከአውቶብሱ ወረድኩና ተመልሼ ገባሁ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

«አንቺ ሴትዮ! በዚህ ብርድ ያለ ጃኬት! ስንት ቦታ ነው የምፈልግሽ?»

ፊቷ በራ። ወደ ሾፌሩ ዞረችና «አላልኩህም?» አለችው። «መጣች።»