ቋጠሮ የለውም

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ባሌ አያውቅም። ስለ ስንቱ ሰው ሸክም አብረውኝ የጸለዩ የጸሎት ጓደኞቼም አያውቁም። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ቤታችን ቁጭ አድርጎ የሚያናዝዝ የንስሐ አባት አይመጣም፤ የምንናዘዘው በቀጥታ ለጌታ ነው። ለእሱማ ስንት ጊዜ ነገርኩት! አልሰማኝም አልልም። ግን ነግሬው ከጉልበቴ ስነሣ እጄ ያው እጄ ነው፣ የሠራሁትም ያው የሠራሁት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ እናገራለሁ። እኔ ትዕግሥት፣ ሐዋሳ ውስጥ ሴቶችን ካልሲና ኮፍያ መሥራት የማስተምረው፣ የአንዲት ትልቅ ሴት እግር አስቆርጫለሁ። ያስቆረጥኩት በአንዲት የክር ቋጠሮ ነው።

እትዬ ስንዱ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ነበር የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ለሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው አዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳቸው ላይ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው በነጻ ሹራብ ያስተምሩ ነበር። በሐዋሳ ሙቀት የሱፍ ካልሲ ለማን ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ለአራስ ሕፃናት ነው፤ ክረምት ላይ የሐይቁ ነፋስ እግራቸው ውስጥ ለሚገባ ሽማግሌዎች ነው፤ እንደ አባቴ ደግሞ ሐገረ ሰላም ደጋው ላይ ለሚኖር ሰው ነው። እኔም የገባሁት ለአባቴ ካልሲ ልሠራ ብዬ ነው።

እትዬ ስንዱ ቀልድ ይወዱ ነበር። «ይህን ስም ማን አወጣልሽ? ትዕግሥት ተብሎ እንዲህ መጣደፍ!» ይሉኝ ነበር። በአንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ያለቀ ካልሲ ስንሰጣቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ ውስጥ ያስገቡና ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይዳብሱታል። የሚፈልጉት ቋጠሮ ነው። ሥራ መሐል ክር ሲያልቅ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማሰር ቀላል ነው፤ ከውጭም አይታይም። እሳቸው ግን ውስጥ እግር ላይ ክር ካለቀባችሁ ወደ ጎኑ እስክትደርሱ ተርትሩ፣ ሁለቱን ጫፍ ደርባችሁ ሥሩ፣ የተረፈውን በመርፌ ሸሽጉ ይሉን ነበር። «ዓይን አያየውም፤ እግር ግን ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል» ይላሉ።

ይህን የሚሉት ስለ ራሳቸው እግር ያውቁ ስለነበር ነው። ስኳር ነበረባቸው፤ እግራቸው ደንዝዟል። አንድ ቅዳሜ ሚስማር ረግጠው ሳይሰማቸው ሲመላለሱ ዋሉ። ወርቅነሽ በረንዳው ላይ ደም አይታ ጮኸች፤ ያን ጊዜ ነው እሳቸውም ያወቁት። ወርቅነሽ ከከተማው ዳር ከቡሹሎ የመጣች ሴት ናት፤ ለብዙ ዓመት እየሠራችላቸው አብራቸው የኖረች። በየማለዳው እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች፣ ውሃውን አስቀድማ በክንዷ ትለካለች፣ በጣቶቻቸው መሐል ሳይቀር ታያለች። ሁላችንም አንቺ ነበር የምንላት፤ በዕድሜ ግን ታላቃችን ነበረች። የሚስማሩ ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

የመጀመሪያውን ካልሲ ለአባቴ ሠራሁ። ደውዬም ጉራዬን ነዛሁ፤ እሁድ ይዤልህ እመጣለሁ አልኩት። ቅዳሜ እትዬ ስንዱ እጃቸውን አስገቡ፤ ተረከዙ ጋ ያሰርኳትን ቋጠሮ አገኟት። ጫፉን ፈልገው ያዙና ሳቡት። በረንዳ ሙሉ ሴት እያየ የደከምኩበት ካልሲ ተተርትሮ ጭናቸው ላይ የክር ክምር ሆነ። «እንደገና» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሁሉም ሥራ በተራው ተተርትሯል። እኔ ግን በእኔ ብቻ የተሳቀ መሰለኝ። በማግሥቱ ባዶ እጄን ሐገረ ሰላም ወጣሁ። አባቴ እሳቱ አጠገብ እግሩን ዘርግቶ «ካልሲዬስ?» አለኝ።

ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ በደል አልደረሰብኝም። የበለጠ በደል ቢኖረኝ እዚህ ላይ በጻፍኩት፣ እናንተም ትንሽ ባዘናችሁልኝ። ቂም ቋጠርኩ። በየቅዳሜው «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» እያልኩ፣ እየሳቅሁ፣ ክራቸውን እየጠቀለልኩ ቂም ቋጠርኩ።

ከወራት በኋላ እትዬ ስንዱ ግራጫ ክር ሰጥተውኝ «የእኔን ካልሲ አንቺ ትሠሪልኛለሽ። ለማይሰማ እግር መሥራት የቻለ ለማንም ይሠራል» አሉኝ። ይህ በእሳቸው ዘንድ መመረቅ ማለት ነበር። የግራው እንደ ፋብሪካ ሥራ ጠርቶ ወጣ። የቀኙን ስሠራ፣ አርብ ከሰዓት፣ ልክ ጣቶቹ ሥር፣ ሰው ሲቆም ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ክሩ አለቀ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ወደ ጎኑ መተርተር ነው። ግን ለነገ መድረስ አለበት፤ ሴቶቹ ፊት ልሰጣቸው ነው። ቋጠርኩት። አጠበቅሁት። ደግሜ ቋጠርኩት።

ችኮላ ነበር? ለራሴ ዓመታት ሙሉ ችኮላ ነው ብያለሁ። ችኮላ ከሆነ ለምን ደገምኩት? ስደግመው በልቤ «ትንሽ ይቆርቁራቸው» እንዳልኩ አስታውሳለሁ። ይቆርቁራቸው! ሚስማር እንኳ ለማይሰማቸው ሰው! የሚቆረቁረው ሰውማ ካልሲውን አውልቆ ይጥላል። እሳቸው እንደማያወልቁት አውቄ ነው እኔ የቋጠርኩት።

እውነቱን ልናገር፣ ያገኙታል ብዬ ነበር። ይተረትሩታል፣ ሴቶቹም ይስቁብኛል፣ እኔም በልቤ እስቅባቸዋለሁ፣ በዚሁ ያልቃል። ቅዳሜ እትዬ ስንዱ ካልሲዎቹን ተቀብለው ወደ ላይ ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ። ከዚያ «ዛሬ እጄን አላስገባም» አሉ። «ይቺን ልጅ አምኛታለሁ። ትዕግሥት፣ ቋጠሮ አለው?»

«የለውም እትዬ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ወርቅነሽ ተንበርክካ ካልሲዎቹን አጠለቀችላቸው፤ እሳቸውም ተነሥተው በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመዱልን። እኔ የማየው ቀኝ እግራቸውን ብቻ ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ ይረግጧታል።

ያኔ መናገር ይቻል ነበር። በሚቀጥለው ቀንም ይቻል ነበር። አጥቤ ልመልስልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ «የአንቺን ሥራማ ከእግሬ አላወልቅም» አሉኝ። ወርቅነሽ እናቷ ታማባት ቡሹሎ ሄደች፤ ለጥቂት ቀን ነው ብላ ብዙ ቆየች። እግራቸውን የሚያጥብ፣ ጣታቸው መሐል የሚያይ ሰው ከቤቱ ጠፋ። ክረምት ነበር፤ ካልሲውን አድርገው ይውላሉ፣ አድርገውት ያድራሉ። እኔም ይህን እያየሁ እመላለሳለሁ። አንድ ከሰዓት እግራቸውን በርጩማ ላይ ሲሰቅሉ የቀኙ ካልሲ ሥር ጠቆር ያለች ነጠብጣብ አየሁ። «ወጥ ነክቶኝ ይሆናል» አሉ። ወጥ ውስጥ እግር ላይ እንዴት ይፈሳል? ይህን ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ነጠብጣቧ ሰፋች፣ ከዚያም ክፍሉ መሽተት ጀመረ፤ እኔ መስኮት ከፈትኩ። መስኮት ነው የከፈትኩት።

ወርቅነሽ ተመልሳ ካልሲውን ስታወልቅ የጮኸችው ጩኸት እቤታችን ድረስ ተሰማ። እንደ ወትሮዋ ውሃ ለብ አድርጋ ቁስሉን አጠበችና ሐኪም ቤት ይዛቸው ሄደች። ዘግይቷል ተባለ። በመጀመሪያ ጣቶቹን፣ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚቆጣበት ሰው ይፈልግ ነበር። እኔ ግቢው ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብዬ ካልሲዎቹን አጥባለሁ፤ በመጨረሻ እጄ ገብተዋል። ወርቅነሽን ከኋላዬ አቁሞ፣ ያጠበችበት ውሃ ሞቆ ቁስሉን አብሶት እንደሆነ ይጠይቃታል።

«ኧረ ለብ ያለ ነው። በክንዴ ለክቻለሁ» አለች።

«እማዬ አይሰማትም! አንቺስ? አንቺም አይሰማሽም?»

ወርቅነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ትዕግሥት፣ አንቺ ሁልጊዜ ታይኛለሽ። ንገሪው እንጂ።»

አውራ ጣቴ ቋጠሮዋ ላይ ነበር። ደምና ላብ ጠጥታ እንደ ሽምብራ ጠጥራለች። ቀና ብዬ «እኔ በዚያን ቀን አልነበርኩም» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ለዚህ ነው የመረጥኩት። ወርቅነሽ ልብሷን በነጠላ አስራ በሩን ከፍታ ወጣች። ባጃጅ ስታቆም በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። በዚያው ቀን ቋጠሮዋን ቆርጬ ጣልኩ፤ ክሩን እንዳስተማሩኝ ደርቤ ጫፉን በመርፌ ሸሸግሁ። እንደዚያ የጠራ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሠራሁም።

እትዬ ስንዱ በአንድ እግር ጥቂት ዓመታት ኖሩ። አጥራቸው ላይ አባ ኮዳ፣ ያ የሐይቁ ትልቅ ወፍ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲያንቀላፋ ሳይ ፊቴን አዞር ነበር። እሳቸው ግን ይስቁበታል፤ «ወንድሜ መጣ» ይሉታል። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ክር ስጠቀልል «እናንተ ጴንጤዎች ለማን ነው የምትናዘዙት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለጌታ ነዋ፣ እትዬ።»

«እሱማ ያውቀዋል። የሚከብደው ለማያውቀው መንገር ነው» አሉና መርፌያቸውን አነሡ። ቆየት ብለው አንድ ካልሲ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ፤ አንድ ብቻ፣ ለግራው። ሠርቼ ሰጠኋቸው። ያን ቀን እጃቸውን አስገቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ ቀስ ብለው ዳበሱት፤ ደግመው ዳበሱት። ከዚያ አጠለቁት። ያውቁ ነበር? ይህን ጥያቄ ሳልመልሰው ቀበርኳቸው። የሹራብ መርፌዎቻቸውን ለእኔ እንዲሰጥ ለልጃቸው ነግረውት ነበር፤ አሁን የማስተምረው በእነዚያ መርፌዎች ነው።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ለማስተማሪያ ወደተከራየኋት ክፍሌ አንዲት የሸበተች ሴት ገባች። ወርቅነሽ ነበረች። ለልጅ ልጇ ካልሲ መሥራት ልትማር ነው የመጣችው። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀረች፤ ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም።

«እትዬን ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱብኝ» አለች። «ያኔ ለብ ያለ ነው ብዬ ነበር። ቆይቼ ቆይቼ ሳስበው፣ ሞቆ ነበር። ደንግጬ ነበራ፣ በክንዴ የለካሁ አይመስለኝም። እንቅልፍ አጣሁ፤ በቤተ ክርስቲያንም ጸለዩልኝ፣ አልለቀቀኝም። አንቺ ለእሳቸው እንደ ልጃቸው ነበርሽ። በእሳቸው ቦታ ሆነሽ ይቅር በይኝ።»

ይህን ስትል እጄን ይዛ ነበር፤ ያንኑ የቋጠረውን እጅ። እግሩን ያስቆረጠው ውሃው እንዳልሆነ የማውቅ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልጋት። እኔ ምን አልኩ? «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። አለቀሰችና እጄን ሳመች።

ከዚያ ወዲህ ወርቅነሽን እርስዎ እላቸዋለሁ። «ምነው፣ አንቺ በይኝ እንጂ፣ ለምዶብኛል» ይሉኛል፤ እምቢ እላለሁ። የሰጠኋቸው ነገር ይኸው ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሹሎ በባጃጅ መጥተው በቀኜ ይቀመጣሉ። አይጣደፉም፤ ክር ሲያልቅባቸው ሳልነግራቸው ይተረትራሉ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ካልሲ ጨርሰው ሰጡኝ። የሕፃን ካልሲ ስለሆነ ሁለት ጣት ብቻ ነው የገባልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኩት።

«ቋጠሮ አለው?» አሉኝ ፈራ ተባ እያሉ።

«የለውም» አልኳቸው።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ ይቅር ማለት የእናንተ ድርሻ አይደለም። ከፍቶኝ ነበር፣ ወጣት ነበርኩ፣ አላሰብኩም አልልም። ቋጠርኩ፣ ዋሸሁ፣ ዝም አልኩ፤ በመጨረሻም የእኔን ጥፋት ለተሸከመች ሴት ይቅርታ ሰጠሁ። ይህን የጻፍኩት ልነግራቸው ያለብኝን ቃል አፌ እንዲለምድ ነው። ወርቅነሽ ቅዳሜ ይመጣሉ።