በሰሞኔ ያልጨመርሁት ጠብታ

ሐኪሙ የዓይኔን ግፊት ለክቶ «ግላኮማ ነው» ሲለኝ አልደነገጥሁም። አላመመኝማ! ዓይኔ አልቀላ፣ አላለቀሰ፤ ዳዊቴን ያለ መነጽር እደግማለሁ። «ይህ በሽታ አያምም፤ እይታን ከዳር ከዳሩ ነው የሚበላው» አለኝ። ጧትና ማታ ሳላቋርጥ የምጨምረው ጠብታ አዘዘልኝና ዘንዘልማ ወዳለው ቤቴ ተመለስሁ።

ችግሩ የመጣው የመቀደስ ተራዬ ደርሶ ሰሞነኛ ስሆን ነው። የሚቀድስ ካህን ከሌሊቱ ጀምሮ ውኃ እንኳ አይቀምስም። እኔ ደግሞ ጧት ዓይኔ ላይ የጨመርሁት ጠብታ ወዲያው ጉሮሮዬን መረረኝ። ቀመስሁ ማለት ነው። ያን ዕለት እያፈርሁ ሌላ ካህን ለምኜ ተካሁ። ከዚያ ወዲያ በሰሞኔ ጠብታውን ተውሁት። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ደክሞኝ ስመለስ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ የማታውም ጠብታ ይቀራል።

ባለቤቴ ነገሩ ገብቷታል። «ኧረ እርስዎ፣ ዓይንዎን ለማን ሊተዉት ነው?» ትለኛለች።

«ታዲያ ቀምሼ ልቀድስ?» ብዬ እጮህባታለሁ። ብጨምር መቅደስ አልገባም፤ ባልጨምር ዓይኔ ይሄዳል፤ ዓይን ከሌለኝም መቅደስ አልገባም። የንስሐ አባቴን እንዳልጠይቅ «እንግዲያው አትቀድስ» እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ጾም ገብቶ ጾም ወጣ፤ ዓመትም ተደገመ። ባጃጅ ከየት መጣ ሳልል ጎኔ ይደርሳል። ሐይቅ ዳር ስቆም ፊት ለፊቴ ያለው ውኃ ይታየኛል፤ ግራና ቀኙን ግን አንገቴን ካላዞርሁ አላገኘውም። በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ እስረኛ ሆንሁ።

አንድ እሑድ ሕዝቡን ላቆርብ ስወጣ፣ በግራዬ ጽዋውን ይዞ የቆመውን ዲያቆን አላየሁትም። ክርኔ ገጨው። በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ባይዘው ኖሮ ክቡር ደሙ መሬት ላይ በፈሰሰ ነበር። በማግስቱ ለደብሩ አስተዳዳሪ ራሴ ነግሬ ከመቅደስ አገልግሎት ወጣሁ።

ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት። «ከዓይን ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን መተላለፊያ አለ» አለኝ። «ጨምረው ሲጨርሱ ዓይንዎን ይጨፍኑና በአፍንጫዎ በኩል ያለውን ጥግ ጥቂት ደቂቃ በጣትዎ ይጫኑት። እምብዛም አይወርድም።»

በጣት! ለዚህ ነው የተቃጠልሁት?

«የሄደውስ?» አልሁት።

«የሄደው አይመለስም፣ አባ። የቀረውን ነው የምናተርፈው።»

አሁን ከምእመናኑ ጋር ቆሜ አስቀድሳለሁ። የመጀመሪያው እሑድ፣ ካህኑ ወደ ሕዝቡ ዞሮ አፉን ሳይከፍት «ሰላም ለኵልክሙ» የሚለው ከእኔ አፍ ወጣ፤ ያውም በዜማ፣ ጮክ ብሎ። አጠገቤ የቆሙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። «ምስለ መንፈስከ» ብሎ የመለሰልኝ አልነበረም።