ሙታንን የጠራው ግብዣ

በሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ በእስራኤል፣ ሀደራ መሀል ከተማ፣ ከገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ የኢሜይል አብነቶች ኃላፊ ነበርሁ። ማዕረጉ ግርማ አለው፤ ሥራው ግን በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነበር። አንዱ ትእዛዝ የደብዳቤውን አብነት፣ የስሙ ቦታ ባዶ የተተወበትን ቅጂ፣ ያወርዳል፣ ሌላው በናሙና ስም ሞልቶ ያሳያል፣ ሦስተኛው ያትማል፤ የታተመው በዝርዝሩ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ይሄዳል። መሣሪያው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። በሰው ላይ ይህን ያህል እምነት የሚጥል ፍጡር ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጄ፣ ማትናስ የሚባለው የሰፈሩ የሕዝብ ማእከል ከኢትዮጵያ ለመጣው ማኅበረሰባችን አረጋውያን የኮምፒዩተር ትምህርት ሊከፍት መሆኑን ነገረኝ። ኢሜይል መክፈት የማያውቁ ሽማግሌዎች ኢሜይል እንዲማሩ በኢሜይል ይጠሩ ዘንድ ተወስኗል። ጥበቡን አደነቅሁ። አዳራሹ ከሞላ ቋሚ ሠራተኛ እንደምሆን፣ ካልሞላ ውሌ እንደማይታደስም አከለልኝ።

የዕብራይስጡን አብነት አውርጄ ወደ አማርኛ መለስሁት። «ክቡር አቶ» ከሚለው ቀጥሎ የቤተሰብ ስም የሚገባበትን ቦታ አልነካሁም። ለናሙና የሥራ አስኪያጄን የቤተሰብ ስም አስገብቼ ተመለከትሁ፤ አምሮ ታየኝ። አተምሁት።

የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም የማንጠራ መሆናችንን ብቻ ነው። በአረጋውያኑ መታወቂያ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሠፈረው ደግሞ የአባታቸው ስም ነበር። ደብዳቤው በልጆቻቸው አድራሻ ደረሰ፤ ልጆቹም አነበቡላቸው። ከሥራ ስመለስ አባቴ፣ እኅቴ ያተመችላቸውን ወረቀት ይዘው ጠበቁኝ።

«አባቴ ኮምፒዩተር እንዲማሩ ተጠርተዋል» አሉኝ። «ጎንደር ከተቀበሩ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው። ማን ሄዶ ያምጣቸው?»

ጸሐፊው እኔ መሆኔን ሳልናዘዝ፣ እራት ልብላ ብዬ ወደ ማእድ ቤት ገባሁ።

በቀጠሮው ቀን ወንበር አልበቃም። ሽማግሌዎቹ ኩታቸውን ደርበው የመጡት ሙታናቸውን የጠራው ማን እንደሆነ ሊጠይቁ ነበር። በር ላይ ስም ለምትመዘግበው ሴት እያንዳንዳቸው በአባታቸው ፈንታ መምጣታቸውን አስታወቁ። ሥራ አስኪያጄ አማርኛ አይሰማም፤ የሞላ አዳራሽ ግን ያውቃል። ሁሉም እያየ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ! ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነህ» አለኝ።

ከፊት የተቀመጡት አባቴ ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠብቀው ተነሡ፤ ጠሪው የእርሳቸው ልጅ መሆኑን ለጉባኤው ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ።

«የአያትህን ስም አለመርሳትህ ደግ ነው» አሉ። «አሁን ደግሞ የእኔን ጻፍ።»

በቋሚ ሠራተኛነቴ የፈጸምሁት የመጀመሪያው ትእዛዝ ይኸው ሆነ።